አሮጌ ካናቴራና የጥለት ቁራጭ

አንድ ቀን ከሐይቅ ገበያ ስንመለስ መንገድ ላይ ጉድ ሆንን። የያዝነው ከረጢት ከአሮጌ ካናቴራ በእጃችን የሰፋነው ነበር። የመጀመሪያ ሥራችን ስለሆነ ኮርተንበት ነበር። ሁለት ኪሎ ጤፍ ገዝተን ከታች ገለበጥንበት። በላዩ ላይ ሽንኩርት፣ ጨውና ሳሙና ጨመርን። ገበያው ውስጥ ሳለን ምንም አልሆነም። ጥቂት እንደተራመድን ግን ማንገቻው እየተለጠጠ ይወርድ ጀመር። ብብታችን ሥር የነበረው ከረጢት ወገባችን ላይ ደረሰ። ከወገባችን ወደ ጉልበታችን ወረደ። ማንገቻውን ቋጠርነው፤ እንደገና ወረደ። ይባስ ብሎ ከኋላችን ይመጡ የነበሩ አንዲት እናት፣ «ልጆቼ፣ መንገዱን ጤፍ እየዘራችሁበት ነው እኮ!» ብለው ተጣሩ።

ዞር ብለን ብናይ እውነታቸውን ነው። ቀጭን የጤፍ መስመር ከኋላችን ተከትሎናል። እኝህ እናት ከረጢቱን ተቀብለው በጣታቸው ሳብ ለቀቅ አደረጉት። «ይኸ ልብስ ይለጠጣል፤ የሚይዘው ነገር የለውም» አሉን። ቀጥለውም፣ «ቤታችሁ ያረጀ ነጠላ የለም? ጥለቱን ቆርጣችሁ ማንገቻው ላይ ድረቡበት። ጥለት አይለጠጥም» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ቤታችን ገብተን እንደነገሩን ብናደርግ ያ ከረጢት ሌላ ከረጢት ሆነ። እኛ ጥለቱን ለጌጥ ብቻ ነበር የምናስበው። ለካስ ጉልበት ኖሮታል! ዛሬ የምንጽፍላችሁም ስለዚሁ ነገር ነው። ካናቴራው ለምን እንደሚለጠጥ፣ ጥለቱ ለምን እንደማይለጠጥ፣ ሁለቱ ተጋግዘው እንዴት የገበያ ከረጢት እንደሚሆኑ እንነግራችኋለን።

ነጠላም ካናቴራም ከጥጥ ሊሠሩ ይችላሉ። ልዩነታቸው የሚመጣው ከአሠራሩ ነው። ሸማኔው ድሩን በቁመት ይዘረጋል። ማጉን በመወርወሪያ በአግድም ያሳልፋል። ክሮቹ አንዱ ካንዱ በላይና በታች እየተሻገሩ ይያያዛሉ። የአጥር ርብራብ እንደማለት ነው። በድሩ ወይም በማጉ አቅጣጫ ብትጎትቱት እምብዛም አይሰጥም። ካናቴራ ግን ድርና ማግ የለውም። አሠራሩ እንደ ሹራብ ነው። ክሩ እየታጠፈ ዘለበት ይሠራል፤ በዚያ ዘለበት ውስጥ ደግሞ ሌላ ዘለበት ይገባል። እንዲህ እየተያያዘ ይሄዳል። ስትስቡት ዘለበቶቹ ይረዝማሉ፤ ስትለቁት ይመለሳሉ። ለልብስ ይህ መልካም ነው። ስትቆፍሩም ሆነ ስታጭዱ ክንዳችሁን አይዛችሁም። ለዕቃ መያዣ ግን ጣጣ አለው። ሸክም ሲበዛበት ዘለበቶቹ ይከፈታሉ፤ በመካከላቸውም ቀዳዳ ይፈጠራል። አንዲት የጤፍ ቅንጣት ርዝመቷ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በማስመሪያችሁ ላይ ካሉት ትንንሽ ጭረቶች በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ተመልከቱ። ጤፍ የምታክለው ያንን ነው። እንግዲህ በተከፈተ ዘለበት ውስጥ ብታመልጥ ምን ይደንቃል?

ከፈለጋችሁ ቤታችሁ ሞክሩት። ከአሮጌ ነጠላ አንድ ቁራጭ፣ ከአሮጌ ካናቴራም አንድ ቁራጭ ውሰዱ። የነጠላውን ጫፍ በጥፍራችሁ ብትነካኩት ክሩ አንድ ባንድ እየተመዘዘ ይወጣል። ካናቴራው ግን ጫፉ ወደ አንድ ወገን ይጠቀለላል እንጂ እንደ ነጠላው አይተረተርም። ይህን ልብ በሉ። የካናቴራ ጫፍ ሳይዘመዘም ቢቀር ብዙ ጉዳት የለውም። የጥለት ጫፍ ግን ሳይዘመዘም ከተተወ ተመዝዞ ያልቃል።

ጥለቱ ደግሞ ከሌላው የነጠላ ክፍል ይበረታል። ባለቀለሙ ክር ተጠቅጥቆ የገባበት ስለሆነ ወፈር ያለ ነው። ያረጀ ነጠላ አውጥታችሁ ብታዩ ብዙ ጊዜ መሃሉ ሳስቶ፣ አንዳንድ ቦታም ተቀዶ፣ ጥለቱ ግን ደህና ሆኖ ታገኙታላችሁ። በየቤቱ እንዲህ ያለ ቁራጭ አይጠፋም። አንዳንዱ ለማሰሪያ ይሆናል፤ አንዳንዱ የድስት መጥረጊያ ይሆናል። ለድስት መጥረጊያ እንኳ ያሳዝናል።

ለመሆኑ ፌስታል እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን ነው የሚል ይኖራል። እኛም ብለን ነበር። ፌስታል ቀላል ነው፤ ዝናብ አያስገባም። ነገር ግን ከገበያ እስከ ቤት ካገለገለ በኋላ ይጣላል። ከተጣለ በኋላ አይበሰብስም። ነፋስ ወደ ማሳ ይወስደዋል፤ ጎርፍ ወደ ውኃ ይወስደዋል። የሐይቅን ውኃ እንውሰድ። ከተማውም ሐይቅ፣ ውኃውም ሐይቅ ነው ስማቸው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ታገኙታላችሁ። ይህ ውኃ ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ቦታ አለው። ከዙሪያው ጎርፍና ጅረት ይገባበታል፤ ከእርሱ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ የገባው ነገር ጠርጎ የሚወስደው አያገኝም። ዓሣ የሚያሰግሩበትም፣ ከብት የሚያጠጡበትም ውኃ ይኸው ነው።

የከብቱ ነገር ከሁሉ ይከፋል። ከብትና ፍየል ፌስታል ይበላሉ። ጨው ወይም የምግብ ሽታ ስላለበት ይስባቸዋል። ፌስታል ግን በሆድ ውስጥ አይፈጭም። ከላምዋ ትልቁ ሆድ ውስጥ እየተጠቀለለ ይከማቻል። ላሚቱ ሆዷ የሞላ ይመስላታል፤ መብላት ትተዋለች፤ እየከሳች ትሄዳለች። ባለቤቱ መድኃኒት ይፈልጋል፤ መድኃኒቱ ግን ፌስታሉን አያወጣውም። በየቄራው የታረዱ ከብቶች ሆድ ተከፍቶ ሲታይ ፌስታል መገኘቱን የእንስሳት ሐኪሞች በጥናታቸው መዝግበዋል። አንድ በሬ ስንት ብር እንደሆነ እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቃላችሁ።

ሕግም ወጥቶለታል። በ1999 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ የፕላስቲክ ከረጢት እንዳይመረትና ከውጭ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። ይህ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ለማወቅ፣ 33 ያህሉን ብትደራርቡ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚሆነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠንከር ያለ አዋጅ አጸደቀ። ይኸኛው ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለውን የፕላስቲክ ከረጢት መሥራትንም፣ መሸጥንም፣ መጠቀምንም የሚከለክል ነው። ጎረቤታችን ኬንያ ይህን የመሰለ ክልከላ ያወጣችው በ2009 ዓ.ም. ነበር። ሕጉ ቢወጣም ሽንኩርቱ መያዣ ይፈልጋል። ዘንቢል ያለው በዘንቢል ይይዛል። ዘንቢል የሌለው፣ ወይም ለትንሽ ዕቃ ዘንቢል የሚከብደው ሰው፣ የጨርቅ ከረጢት አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ቢይዝ ይሻለዋል።

ስለ ካናቴራው ደግሞ አንድ ነገር እናንሳ። በሰልባጅ የተገዛም ይሁን ከሱቅ፣ ካናቴራ ሲያረጅ ይጣላል። ባለሙያዎች ባወጡት ግምት፣ ጥጡን ከማብቀል ጀምሮ አንድ የጥጥ ካናቴራ ተሠርቶ እስኪያልቅ 2,700 ሊትር ያህል ውኃ ይፈጃል። በ20 ሊትር ጀሪካን ብታካፍሉት 135 ጀሪካን ይመጣል። ውኃ በጀርባዋ የቀዳች ሴት ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ይገባታል። አንገቱ ስለሰፋ ብቻ 135 ጀሪካን ውኃ የጠጣ ጨርቅ አይጣልም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ካናቴራውን መምረጥ ነው። አንገቱ ቢቀደድ፣ እጅጌው ቢበላሽ ግድ የለም፤ ተቆርጦ ስለሚወጣ። ትከሻውና ሆዱ ግን ደህና መሆን አለበት። ወደ ፀሐይ ዘርጉትና እዩት። ብርሃን በብዛት የሚያሳልፍ ከሆነ ሳስቷልና ለሌላ ነገር አድርጉት። ወፈር ያለው ይሻላል። ከመቁረጣችሁ በፊት እጠቡት፤ ይድረቅ።

ካናቴራውን ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርጉ። መካከለኛው የአዋቂ ሰው ካናቴራ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በቁመቱ ለሁለት እጠፉት፤ ሁለቱ ትከሻዎችና ሁለቱ ብብቶች በደንብ ይገጣጠሙ። እንዲህ ካልታጠፈ አንዱ ማንገቻ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ይሆናል። ከዚያ እጅጌዎቹን ቁረጡ። ስትቆርጡ እጅጌውና አካሉ የተያያዙበት ስፌት ከአካሉ ጋር እንዲቀር አድርጉ። ብዙ ሰው ይህን ስፌት ቆርጦ ይጥለዋል። እኛም የመጀመሪያውን ስንሰፋ ጣልነው። ስህተት ነው። ያ ስፌት ክር የተደራረበበት ስለሆነ ጨርቁን ትንሽ ይዞ ያቆየዋል።

ቀጥሎ አንገቱ ነው። ከአንገቱ በታች ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብላችሁ በጠመኔ እንደ ግማሽ ጨረቃ አስምሩ። መስመሩን ተከትላችሁ ፊቱንም ጀርባውንም ባንድ ላይ ቁረጡ። በአንገቱና በእጅጌው መካከል የሚቀረው የትከሻ ጨርቅ ማንገቻ ይሆናል። የማንገቻው ወርድ ከ6 ሳንቲ ሜትር አይነስ። ቀጭን ማንገቻ ትከሻን እንደ ገመድ ይቆርጣል። አያችሁ፣ ከዚህ ወዲያ ካናቴራው ራሱ ከረጢት መምሰል ጀምሯል። ማንገቻው የነበረ ነው፤ ጎኑ የተሰፋ ነው። የቀረው ታቹን መዝጋት ነው።

ካናቴራውን ገልብጡት፤ ውስጡ ወደ ውጭ ይሁን። የታቹን ሁለት ጠርዞች አጋጥማችሁ በመርፌ ቁልፍ ያዙት። ከጠርዙ 1.5 ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ስፉ። አሰፋፉ እንዲህ ነው። መርፌውን አንድ እርምጃ ወደ ፊት አውጡ፤ ከዚያ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ውጉ፤ እንደገና ወደ ፊት አውጡ። ይህ ወደ ኋላ እየተመለሰ የሚሄድ ስፌት አንድ ቦታ ቢበጠስ እንኳ ሁሉም ተከታትሎ አይፈታም። ክሩን በጣም አትወጥሩት። ጨርቁ ሲለጠጥ ክሩ የማይለጠጥ ከሆነ ይበጠሳል። አንዱን መስመር ስትጨርሱ ከአጠገቡ ሁለተኛ መስመር ድገሙ። በመኪና የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ዘንድ ከወሰዳችሁት ቀጥ ባለ ስፌት ሳይሆን በዚግዛግ ስፋልን በሉት። ዚግዛግ ማለት ግራና ቀኝ እየተመላለሰ የሚሄድ ስፌት ነው፤ ከጨርቁ ጋር ይለጠጣል።

መርፌው ጫፉ በጣም የሾለ ባይሆን ይመረጣል። የሾለ መርፌ የዘለበቱን ክር ይበጥሳል። አንድ ዘለበት ከተበጠሰ ደግሞ ሌሎቹ ተከትለውት ይፈታሉ፤ ትንሿ ቀዳዳም ትረዝማለች። ደፈን ያለ ጫፍ ያለው መርፌ በክሮቹ መካከል ገፋ አድርጎ ያልፋል። ክሩን ከመስፋታችሁ በፊት በሰም ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳቡት። ሰም የነካው ክር አይጠላለፍም፤ ቶሎም አይበላም። አምባሰል የማር አገር ነው፤ የሰም ቁራጭ ያጣል ብለን አንጠራጠርም። ማሩን ግን ከረጢቱ ውስጥ አትክተቱት፤ ለእርሱ ቅልና ገንቦ አለው።

ታቹን ከሰፋችሁ በኋላ ከረጢቱ እንዲቀመጥላችሁ ከፈለጋችሁ ሁለቱን የታች ማዕዘኖች አንድ ባንድ ያዙ። ማዕዘኑን ስትከፍቱት እንደ ሦስት ማዕዘን ሹል ይሆናል። ከሹሉ ጫፍ 5 ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ በአግድም ስፉት። ሁለቱም ከተሰፉ በኋላ ከረጢቱን ብትገለብጡት መቀመጫ አግኝቷል። እንቁላል ለሚይዝ ሰው ይህ መቀመጫ ዋና ነገር ነው።

እስከዚህ ያደረግነውን እኛም የመጀመሪያው ቀን አድርገነዋል። ያም ሆኖ ከረጢቱ ጉልበታችን ላይ ደረሰ። የቀረን የጥለቱ ሥራ ነበርና።

አህያ ስትጭኑ መጫኛውን እንዴት ነው የምታስሩት? ከላይ ብቻ ቋጥራችሁ አትተዉትም። ከሆዷ ሥር ዞሮ ይመጣል። ሸክሙን የሚይዘው ዙሮ የመጣው ጠፍር ነው። የከረጢቱ ጥለትም እንደዚሁ መዞር አለበት። ማንገቻው ላይ ብቻ አጭር ቁራጭ ብትለጥፉ ማንገቻው ይበረታል፤ ነገር ግን ጥለቱ ያለቀበት ቦታ ላይ ካናቴራው ይለጠጣል፤ ውሎ አድሮም ይቀደዳል። ስለዚህ ጥለቱ ከታች መቀመጫው ይነሣ። በፊት ለፊት በኩል ሽቅብ ወጥቶ በማንገቻው ላይ ይለፍ። በጀርባው በኩል ወርዶ ከተነሣበት ቦታ ይግጠም። ለአንድ ማንገቻ 1 ሜትር ተኩል ያህል ጥለት ያስፈልጋል፤ ለሁለቱ 3 ሜትር። ከአንድ ነጠላ ካልበቃ ከሁለት አሮጌ ነጠላ ቀጥሉ። ቀለሙ ባይመሳሰል ምን ቸገረን? ስትቀጥሉ ግን አንዱን በሌላው ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ደርቡ። ቅጥያው ትከሻ ላይ እንዳይውል ተጠንቀቁ፤ ሸክሙ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነው።

ጥለቱን ከነጠላው ስትቆርጡ በሁለቱም ጎን 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ነጭ ጨርቅ አስቀሩለት። ያንን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ዘምዝሙት፤ እንዳይመዘዝ። ከዚያ ከረጢቱን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኙት። ጥለቱን ስታሳርፉበት ካናቴራውን አትሳቡ፤ እንደ ተኛ ይሁን። ተስቦ ከተሰፋ በኋላ ሲለቀቅ ይጨማደዳል። በመርፌ ቁልፍ እዚህም እዚያም ያዙትና የጥለቱን ሁለት ጠርዞች ከላይ እስከ ታች ስፉ። ይህ ጊዜ ይወስዳል። ቡና እስኪፈላ የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ ሁለት ማታ ቢፈጅባችሁ አትሰልቹ። ጥለት የተረፋችሁ እንደሆነ በከረጢቱ አፍ ዙሪያ ብታዞሩት አፉ ተንዘርፍፎ አይከፈትም።

በወሎ ባለ ጥልፍ ቀሚስ ይለበሳል። ቀሚሱ ሲያረጅ የደረቱ ጥልፍ ለብቻው ይቀራል። እርሱም ጥሩ ነው። በጨርቅ ላይ የተጠለፈ ስለሆነ ኪስ ይሆናል። በከረጢቱ ውስጥ በኩል ብትሰፉት ገንዘብና መታወቂያ ይይዛል፤ ሌባም በቀላሉ አያገኘውም። ዳንቴል ግን ሌላ ነው። በኪሮሽ የተሠራ ዳንቴል እርሱም ዘለበት በዘለበት ነው፤ ይለጠጣል፤ ቀዳዳም አለው። ሸክም አታሸክሙት። ለጌጥ ከውጭ ይለጠፍ። እኛ አንድ ጊዜ ዳንቴል ማንገቻ አድርገን ሠራን። ለዓይን ደስ ይል ነበር፤ ለሁለት ኪሎ ድንች ግን አልሆነም።

ጤፍ፣ ዱቄት ወይም ሽሮ የምትይዙበት ከሆነ ከውስጥ አቡጀዲ አልብሱት። አቡጀዲ ድርና ማግ ያለው ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ነው፤ ቅንጣት አያስመልጥም። እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለ። የአቡጀዲው ከረጢት ከውጭኛው በጥቂቱ ጠበብና አጠር ይበል። ለምን ቢባል፣ ውስጠኛው ትንሽ ከሆነ ክብደቱን የሚሸከመው እርሱ ነው። ውስጠኛው ሰፊ ከሆነ ግን ወደ ውጭ ተለጥጦ ክብደቱን ለካናቴራው ያስተላልፍበታል። አፍ ላይ ከጥለቱ ጋር አያይዛችሁ ስፉት።

ሲያልቅ ሳትፈትኑት ገበያ አትውጡ። ከረጢቱን ግድግዳ ላይ ባለ ችካል ስቀሉ። ከማንገቻው አናት እስከ መቀመጫው ያለውን ቁመት በሜትር ለኩና ቁጥሩን ጻፉት። 5 ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን ክተቱበት። 5 ሊትር ውኃ 5 ኪሎ ይመዝናል፤ ሚዛን ሳያስፈልጋችሁ ክብደቱን አወቃችሁ ማለት ነው። አሳድሩት። ጠዋት ከነጀሪካኑ እንደገና ለኩት። የማታው 66 ሆኖ የጠዋቱ 68 ቢሆን ደህና ነው። 75 ከሆነ የሆነ ቦታ ጥለቱ ተላቋል ወይም ስፌቱ ዘልሏል፤ ፈልጋችሁ አጥብቁት። ከእኛ መካከል አንዱ ይህን ሳያደርግ ከረጢቱን ሰው ሰጠ። እንቁላል ነበር የተያዘበት። ከዚህ በላይ አናወራም።

መርፌ የሴት ሥራ ነው የሚል ወንድ ካለ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ እንመልሰው። ገዳሙን በ13ኛው መቶ ዓመት ያቋቋሙት አባ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው። ሴት አይገባበትም። ያም ሆኖ ብዙ የብራና መጽሐፍ ያለበት ቦታ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ ያበረከቱት ወንጌል በእጅጉ የታወቀ ነው። የብራና መጽሐፍ ደግሞ በመርፌና በክር የሚጠረዝ ነው። የሚያነግቱት በቆዳ ማኅደር ነው፤ ማኅደር ማለት ማንገቻ ያለው የመጽሐፍ ከረጢት ነው። ይህን ሁሉ ሲሰፉ የኖሩት የወንድ እጆች ናቸው። ባገራችን ከቆዩት የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹን ገልጣችሁ የሽፋኑን የውስጥ ገጽ ብታዩ፣ በቆዳው መካከል ቁራጭ ጨርቅ ተለጥፎበት ታገኛላችሁ። ከባሕር ማዶ የመጣ ሐር ወይም ባለአበባ ጨርቅ ነው። ጠራዦቹ የጨርቅ ቁራጭ አይጥሉም ነበር።

በሌላውም አገር እንዲሁ ነው። ባንግላዴሽና የሕንድ ምዕራብ ቤንጋል በሚገኙበት አገር ሴቶች አሮጌ ሳሪያቸውን ደራርበው ይሰፉታል። ሳሪ ማለት በዚያ አገር ሴቶች የሚጠመጥሙት ረጅም ልብስ ነው። ሥራው ካንታ ይባላል። ድሮ የሚሰፉበትን ባለቀለም ክር አይገዙም ነበር፤ ከሳሪው ጥለት እየመዘዙ ያወጡት ነበር። እኛ ጥለቱን እንዳለ እንለጥፋለን፤ እነርሱ ፈትተው ክር ያደርጉታል። የእነርሱ ትዕግሥት ይበልጣል እንላለን።

ከረጢቱ ሲቆሽሽ በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና እጠቡት። አዲስ ጥለት ቀለሙ ሊለቅ ስለሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው ይታጠብ። ውኃ እንደጠጣ በማንገቻው አትስቀሉት፤ እርጥብ ጨርቅ ይከብዳል፤ ከባዱም ይለጥጠዋል። ሣር ላይ ወይም ድንጋይ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት። ጋዝና ዘይት የነካው ከረጢት እህል አይያዝበት። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያልቀው ካናቴራው ነው። ያን ጊዜ ጥለቱን በምላጭ ቀስ ብላችሁ ፍቱ፤ እጠቡ፤ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። ሌላ ካናቴራ እስኪያረጅ ይቆያል።